አሳማ እስኪበር ደጅ መጥናት

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ነገር ፈጽሞ እንደማይሆን ሲናገሩ እንስሳ ይጠራሉ፤ እንስሳ ካጡ የአየር ጠባይ ይጠራሉ። አሳማ ክንፍ አውጥቶ ሲበር። ገሃነም በረዶ ሲይዘው። በገሃነም እሳት መሐል የበረዶ ድቡልቡል ያላትን ያህል ዕድል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ኦክላንድ አጠገብ ባለችው አልባኒ ቤታቸው እየሄድሁ የምንከባከባቸው የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣ ላይ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አሁን የሚያርሙት እኔን ነው። ሐኪማቸው ጨው ይቀንሱ ቢላቸው «በሬሳዬ ላይ ተራምዶ» አሉት። እኛም «በመቃብሬ ላይ» ስለምንል ያን ቀን ለአንድ አፍታ የተዛመድን መሰለኝ።

«ወፍራም ዕድል» ሲሉ ምንም ዕድል የለም ማለታቸው ነው። «ቀጭን ዕድል» ሲሉም ከሞላ ጎደል ያው ነው። እንግዲያ የእውነተኛው ዕድል ክብደቱ ስንት ነው ብዬ ብጠይቃቸው ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ስለ እሱ ዕድል ማንም አውርቶ አያውቅም አሉኝ።

በእኛ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። እኛም ስንኮራ «ወይ ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ» እንላለን፤ «ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል» እንላለን። ያንን የምንለው ግን ስንጣላ ወይም ስንፎክር ነው። በደህናው ቀን እምቢታችን የነገር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እንግዳ «በቃኝ» ስላለ ማንም ማቅረቡን አይተውም። ቢሮ መስኮት ላይ «አይቻልም» የተባለ ሰውም ቤቱ አይሄድም፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛውሮ «እሱማ ልክ ነዎት፣ ግን…» ይላል። ጉዳዩ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላኝም አልለቀቀኝም ነበር።

ትምህርት ዘግይቶ ነው ያገኘኝ። አገር ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋረጥሁ፤ በዲቪ መጥቼ ስምንት ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ቆየሁ፤ ከዚያ የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ኦክላንድ ያለው ኮሌጅ። የዘገየ ሰው አንድም ይቸኩላል፣ አንድም እንደ እኔ ነገር ያበዛል። መጽሐፍ ስገዛ እንኳ ማውጫውን ሳልጨርስ ከመደርደሪያው አልነሣም። የዚያን ዓመት ሳን ሆዜ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ ነበር፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ላብ፣ ማለት የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ያለው የባዮሎጂ ትምህርት እስከ ሰኔ ድረስ ማጠናቀቅ አለብኝ። ያን አንድ ትምህርት ካላገኘሁ የመቀበያ ደብዳቤው ተራ ወረቀት ነው፤ ለሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ ማመልከት፣ እንደ አዲስ መጠበቅ። በአርባ ስድስት ዓመት አንድ ዓመት ማለት በሃያ ዓመት ያለው አንድ ዓመት አይደለም።

ታዲያ ሬጅስተር ማድረጊያው የተከፈተ ዕለት ምን አደረግሁ? ተቀምጬ የሦስት መምህራንን የትምህርት መግለጫ አወዳደርሁ። የማን ፈተና እንዴት እንደሚታረም፣ የማን ላብ ስንት ሪፖርት እንዳለው ወረቀት ላይ አሰመርሁ። የሚሻለኝን ለይቼ ኮምፒዩተሩን ብከፍት ሦስቱም ሞልተዋል። በመረጥኋት መምህር ዌይቲንግ ሊስት፣ በተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ላይ፣ አሥራ አራተኛ ሆንሁ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ክፍሉ ሄድሁ። ሃያ አራቱ በርጩማዎች ላይ ተመዝጋቢዎቹ ተቀምጠዋል፤ እኛ ያልተመዘገብነው ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። መምህሯ በዕድሜ ታናሼ የምትሆን፣ ቁልፏን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ነበረች። ላቡ የሚይዘው ሃያ አራት ሰው ነው፣ የእሳት አደጋ ደንብ ነው፣ ሃያ አምስተኛ ሰው የሚገባው አሳማ ሲበር ነው አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ግድግዳው ላይ የቆሙትም አብረው ሳቁ፤ ቦርሳቸውን አነሡ፤ ሄዱ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እዚያ ግድግዳ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

እውነቴን ነው፣ ከእሷ ይልቅ የገረሙኝ እነሱ ናቸው። አገር ቤት ቢሆን ቢያንስ ግማሹ እስከ መኪናዋ ይሸኛት ነበር።

እንደሄዱ እኔም አፈርሁና ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ አልባኒ ስገባ ነገሩን ለአዛውንቷ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ጠያቂነቴን ስለሚወዱት በቁም ነገር ነው የመለሱልኝ። ሰው አሳማውን ሲያመጣ በራሱ ንግግር እየተዝናና ነው አሉ፤ የሚያስፈራው እንስሳ የሌለበት እምቢታ ነው። ደብዳቤ «አንፎርቹኔትሊ»፣ «እንደ አለመታደል ሆኖ» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ከዚያ ቃል በኋላ ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር አርመው አያውቁም። ይህን ሰምቼ ተስፋ ላደርግ ስል ግን ጣታቸውን አነሡብኝ። መምህሯ አሳማ ብትጠራም ባትጠራም ሃያ አራት ማለት ሃያ አራት ነው፤ ሌላ ኮሌጅ ፈልጊ። ሳን ሆዜ ለምትኖረው ለእህቴ ልጅም ኮል አደረግሁላት። እሷ አማርኛውን አሳምራ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ሳቀችና፣ ኖ አሉሽ፣ ትሄጃለሽ፣ በቃ፤ ሌላ ምን አለው አለችኝ። አነጋገሯ የአውቶቡስ መስመር እንደምታስረዳ ሰው ነበር።

የቀሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሕንጻው በር ላይ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ይውላሉ፤ ሳይጠይቁ የሚያሳልፉት ሰው የለም።

«አይሆንም ብላ ተቆጣች፣ ወይስ አይሆንም ብላ ሳቀች?» አሉኝ።

ፈገግ አለች አልኋቸው።

«እንግዲያ ምን ቀረሽ? ደጅ ጥኚያ።»

አባታቸው ለአንድ ፊርማ ሲሉ አንድ ክረምት ሙሉ ባለሥልጣን ደጃፍ ላይ መቆማቸውን ነገሩኝ። ባለሥልጣኑ መጀመሪያ አላዩአቸውም፤ ቀጥሎ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ቀጥሎ ተናደዱ፤ በመጨረሻ አባታቸው አንድ ቀን ሲቀሩ «ያ ሰውዬ ዛሬ አሞት ይሆን?» ብለው ጠየቁ። በማግስቱ ፈረሙ። ጋሼ ይህን የነገሩኝ የአንድ ሥራ ቅደም ተከተል እንደሚያስረዳ ሰው፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ያን ያህል የምጠብቅበት ጊዜ እንደሌለኝ፣ መመዝገቢያው የሚዘጋው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ እኩለ ቀን እንደሆነ ብነግራቸው፣ «እንግዲያ ቶሎ ቶሎ ጥኚ» አሉኝ።

ሐሙስ ክፍሉ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮሪደሩ ላይ ተገኘሁ። ጥቁሩን ደህና ካፖርቴን ለብሻለሁ፤ እጆቼን ፊት ለፊት አጣምሬ፣ በሩን ሳልጋርድ፣ ግን ከበሩ ሳልርቅ ቆምሁ። መምህሯ ስትገባ ጎንበስ አልሁ። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች። በሩ ላይ ጠባብ መስታወት አለ፤ በእሱ የሚታየው የክፍሉ ግራ ጎን ብቻ ነው፣ ድምፅዋ ግን አጥርቶ ይሰማል። ደብተሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ስለ ሴል ሽፋን የምትለውን ሁሉ ጻፍሁ። ስትወጣ እንደገና ጎንበስ አልሁ። እንደገና ነቅነቅ።

ማክሰኞም እንዲሁ አደረግሁ። በዚህ ጊዜ ግን በመሐል በሩን ከፈተችና ወጣች። እንደ ጋሼ አባት ባለሥልጣን ልትጠይቀኝ መጣች አልሁ። በጣም በትሕትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ክፍሉን እስከ እኩለ ቀን ድረስ እንደማይለቁት፣ የቆሻሻ ቅርጫቱም እስከዚያ ሊቆይ እንደሚችል፣ ስላስጠበቁኝ ማዘኗን ነገረችኝና ተመለሰች።

ጽዳት ሠራተኛ መስያታለሁ። በዚያ አልተቀየምሁም፤ ስምንት ዓመት ያጸዳሁ ሰው በምን እቀየማለሁ? የከነከነኝ ሌላው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ስጠና ደጅ እንደተጠናባት አላወቀችም። ለካ ደጅ ለመጥናት የደጁ ባለቤት ደጅ እንዳለው ማወቅ አለበት። ይህቺ ሴት ከመኪና ማቆሚያው ተነሥታ በርጩማዎቹ ጋ እስክትደርስ የምታልፈውን ሰው ሁሉ የሚያልፍ ሰው አድርጋ ነው የምታየው፤ ደጅ ጥናትን ማን አስተምሯት?

ለጋሼ ስነግራቸው ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ድንገት አቆሙና «ሽማግሌ ያስፈልጋል» አሉ። ለመንኋቸው። ይህ ኮሌጅ ነው ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም፣ ሰው ይታዘበናል አልኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድሁት። አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ እንዴት እንደዚያ እንደተሳሳትሁ አላውቅም።

ሐሙስ፣ መመዝገቢያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ ጋሼ ቀድመውኝ ቆመዋል። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ። ጫማቸው ፊቴን ያሳያል። አልተከራከርሁም። በዚያ ልብስ የቆመ ሰው መመለስ ነውር ነው።

መምህሯ ኮሪደሩ ላይ ስታየን መጀመሪያ ያየችው ባርኔጣውን ነው። ጋሼ አነሡት። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የተማሩት እንግሊዝኛ አጭርና ግልጽ ነው። እንደምን አደሩ ፕሮፌሰር፣ እኔ የዚህች ሴት ሽማግሌ ነኝ፣ ለልመና ነው የመጣነው አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞራ አባትሽ ናቸው ወይ አለችኝ። ጎረቤቴ ናቸው አልኋት። ችግር ተፈጥሯል ወይ አለች። ጋሼ ችግር የለም፣ ጉዳይ አለ አሉ። ሰውዬው አርጅተው ቆመው ማየቱ ስላልተመቻት አስገባችንና በር አጠገብ ያለውን በርጩማ ሳበችላቸው።

ጋሼ አመስግነው አልተቀመጡም። ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አልቀመጥም አሉ።

መምህሯ ጉልበታቸውን አሟቸው መሰላት፤ ከፍ ያለ ወንበር ላምጣ ወይ አለች። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከሕይወቴ ረጅሙን የእንግሊዝኛ ንግግር ያደረግሁት ያኔ ነው። ሽማግሌ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደማይቀመጥ፣ ለምን ኮሪደሩ ላይ ስቆም እንደሰነበትሁ፣ ቅርጫቱን ለመውሰድ እንዳልነበረ ነገርኋት። ስለ ቅርጫቱ ስናገር ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። የሳን ሆዜውን ደብዳቤ አሳየኋት። ከዚያ ደብተሬን ሰጠኋት። በርጩማ ላይ ያሉት ተማሪዎች ያዩናል። ገጹን አገላበጠች፤ አንዱ ሥዕል ላይ ቆም አለች፤ ከኪሷ ብዕር አውጥታ ውሃ ወደ ሴሉ ሲገባ ወደ ውጭ ያዞርሁትን ቀስት አቀናችው።

ደብተሩን መለሰችልኝና «ሃያ አምስተኛ ሰው ማስገባት አልችልም» አለችኝ፤ «አዝናለሁ። አይቻልም።»

ልብ አልሁ። አሳማ የለበትም። ገሃነምም በረዶም የለበትም። ፈገግታም አልነበረውም፤ ዓይኔን እያየች ነው ያለችው። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «አይሆንም» ሲለኝ ያለ ምንም ጌጥ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ነበር። ሳን ሆዜ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ራቀች። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ መክተት ጀመርሁ።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አሉኝ ጋሼ በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ። «ገና መጀመሯ ነው።»

መምህሯ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። መዋሸት አይሆንልኝም፤ እንዳልንቀሳቀስ ነው ያሉኝ አልኋት። ሳቅ አመለጣት። ከዚያ በሁለታችን መካከል መቆሙ አስጨንቋት ይመስለኛል፣ ሌላ የምታደርገው ስታጣ ዘወር ብላ ተማሪዎቿን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። እኔም አብሬ ቆጠርሁ። ሃያ ሁለት ናቸው። ማንኪያ ሳጥብ እንኳ የምቆጥር ሴትዮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመስታወት ሳይ የክፍሉን ቀኝ ጎን ሳላየው ቀርቻለሁ። ጋሼ አጠገቡ የቆሙት በርጩማ ባዶ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ያለውም ባዶ ነበር።

ሁለቱ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ማክሰኞ ወዲያ አልመጡም። በደንቡ ሁለተኛውን ቀን ሲቀሩ ልትሰርዛቸው ይገባት ነበር። ሰው ችግር ይኖርበታል ብላ ሁልጊዜ ጥቂት እንደምትታገሥ፣ ከዚያ ደግሞ እንደምትረሳው፣ እዚያው ኮምፒዩተሯ ላይ እያጎነበሰች ለራሷ እንደምታወራ ሆና ነገረችን። ሰረዘቻቸው። ቀጥሎ የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር ከፈተችና ፊቷ ጠቆረ። ከአንቺ በፊት አሥራ ሦስት ሰው አለ አለችኝ። ግን ወረፋ የሚያዘው እየተገኙ ነው፤ ያልተገኘ ወረፋው ያልፋል፤ ይህም ደንብ ነው። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም።

«አሥራ ሦስቱ የት ሄዱ?» አለች።

«አሳማ ሲበር ስላልሽ ሄዱ» አልኋት።

በሩን መልሳ ዘጋች። «እሱን እኮ በየሴሚስተሩ እለዋለሁ» አለች።

ቢጫ ወረቀት ላይ አድ ኮዱን፣ የመመዝገቢያ ቁጥሩን፣ ጽፋ ሰጠችኝ፤ አምስት ቁጥር ነው። እዚያው በስልኬ አስገባሁት። ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ። ስሜ ተመዝጋቢዎቹ መካከል ሲወጣ ለጋሼ አሳየኋቸው፤ መነጽር ስላልያዙ ምንም አላዩም፣ ግን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በክብር ተቀመጡ። በርጩማው ላይ። የእኔ በርጩማ ላይ። መምህሯ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የሽንኩርት ልጣጭ ማደል ስትጀምር አንድ ለእሳቸውም ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ያደረገችው ታወሳት መሰለኝ፣ ያልተመዘገበ ሰው ላብ ውስጥ መቆየት እንደማይችል፣ የኢንሹራንስ ጉዳይ እንደሆነ በጣም እያዘነች አስረዳቻቸው። ጋሼ ተነሡ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ሽንኩርቱን መለሱ። ሲወጡ «ዛሬ እንዳናስቸግራት፣ ደክሟታል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ጋሼ ኮሌጁን አስታርቀው ቦታ እንዳስሰጡኝ ነገሩኝ፤ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ጋሼ ልብሳቸውን ቀይረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አመሰገንኋቸው፤ ግን የተዛባ ነገር አይቼ ማለፍ ስለማልችል አረምኋቸው። ጋሼ፣ ያስገባኝ እኔም እርስዎም አይደለንም፤ ደንቡ ነው፤ ሁለት ሰው ቀረ፣ አሥራ ሦስት ሰው ወረፋው አለፈው፣ በደንቡ መሠረት ተራው የእኔ ሆነ አልኋቸው።

«ደንቡማ ማክሰኞም ነበረ» አሉኝ።

 ቁልፌን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምሁ። ከዚያ ሦስት ላብ ሪፖርት ወደ ኋላ መቅረቴ፣ የመጀመሪያውን የማስረክበውም ሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝና ወደ ቤቴ ወጣሁ።